የክብር እንግዳው ጨዋታው ውስጥ ሲገባ

በወላጆች ቀን የክብር እንግዳ ምን እንደሚያደርግ ቢቸናም ሞጣም የተማረ ሁሉ ያውቃል። ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ሶፋ ወጥቶ ድንኳን ሥር ይቀመጣል፤ ጠረጴዛው ላይ አበባና ውኃ ይደረደራል። እንግዳው የመክፈቻ ንግግር ያደርጋሉ፣ ደረጃ ለወጡ ተማሪዎች ሽልማት ይሰጣሉ፣ የድራማ ክበቡን ትርኢት አይተው ያጨበጭባሉ። በዚህ ማብራሪያ የማነሣው ሌላ ዓይነት የክብር እንግዳ ነው፤ ተጋብዞ የሚመጣው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ከልጆች ጋር ሊጫወት ነው። ልማዱ የተስፋፋው በሚና ጨዋታ ተጫዋቾች ጉባኤዎች ላይ ነው። ለድራማና ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት፣ ክበቡን ለምትመሩ መምህራንም ብዙ የሚያስተምር ስለሆነ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ። የሌላ አገር ታሪክ ስናገር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጨዋታውን እንወቅ

በሚና ጨዋታ አራት ወይም አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ ተራኪ ይሆናል። ተራኪው ቦታውን፣ ዘመኑንና የገጠመውን ችግር ይናገራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ፣ በዚያ ሰው ልብ ይወስናሉ። የተጻፈ ቃለ ተውኔት የለም፤ መድረክም ተመልካችም አያስፈልግም። መጨረሻውን ተራኪውም አስቀድሞ አያውቀውም።

ምሳሌውን ከደጃችን እንውሰድ። ተራኪው እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «ጠላት ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ከሞጣ ተነሥታችሁ፣ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ፣ ወደ በጌምድር ልትሻገሩ ሰባራ ድልድይ ደርሳችኋል። የድልድዩ መካከል የለም። በወዲያ ማዶ ገመድ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። ከሥር ዓባይ ደፍርሶ ይጮኻል። ምን ታደርጋላችሁ?»

አንዷ ተጫዋች ነጋዴ ናት። በበቅሎዋ ጨው ጭናለች፤ በቅሎ ደግሞ በገመድ ተስባ አትሻገርም። ሁለተኛው ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ የቅኔ ተማሪ ነው፤ ለገመድ ሳቢዎቹ የሚሰጠው ነገር የለውም። ሦስተኛው ደም ተቃብቶ ከቀዬው የሸሸ ሰው ነው፤ ማዶ ከቆሙት አንዱ የባላጋራው ዘመድ መሆኑን አሁን ለየ። ነጋዴዋ በቅሎዋን እዚሁ ሸጣ ትሻገር ወይስ ውኃው እስኪጎድል ትጠብቅ? ተማሪው ያለውን እውቀት በዋጋ ፋንታ ያቅርብ? የሸሸው ሰው ሕይወቱን በደመኛው ዘመድ እጅ ባለ ገመድ ላይ ይጣል? መልሱን የሚሰጡት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ እየተከራከሩ፣ እየተደራደሩ፣ አንዳንዴም እየተጣሉ።

ነገሩ በዕድል የሚወሰን ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ሉዶ ላይ የምናውቀው ዳይስ ስድስት ገጽ አለው፤ በብዙ የሚና ጨዋታዎች የሚጣለው ባለ 20 ገጽ ነው። ተራኪው «ገመዱን ሳትለቅ ለመሻገር 12 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልግሃል» ይላል። 17 ከወጣ ተሻገረ። 4 ከወጣ ገመዱ ከእጁ ይንሸራተታል፤ ጨዋታው ግን በዚህ አያበቃም፤ ጓደኞቹ አሁን ምን ያደርጋሉ የሚለው ይከተላል። አሸናፊ የሚባል የለም። ጥሩ ጨዋታ የሚባለው ሁሉም «ቀጥሎስ?» እያለ ያመሸበት ነው።

ይህን ቦታ የመረጥኩት ታሪኩ እውነት ስለሆነ ነው። ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ፋሲለደስ ጊዜ እንደተሠራ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ ከዓባይ ወዲህና ወዲያ ያለው ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳሳበ ሲሻገር ኖሯል። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየ ኬኔት ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ በ2001 የድልድይ ሥራ በጎ አድራጎት ድርጅት ለማቋቋም ተነሣሣ፤ ኋላም ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ገመድ ሲስቡ ያደጉ እጆች ታሪክ ግን የገባበት የጨዋታ መጽሐፍ አላየሁም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ልጆቻችን ሳያውቁት የሚጫወቱት

የሚና ጨዋታን ሳስረዳ ተማሪዎች የፈረንጅ ነገር ነው ብለው ይጀምራሉ። እኔ ደግሞ እንቆቅልሽን አስታውሳቸዋለሁ። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል። መልሱ ከጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው አገር ይሰጣል፤ ጎንደርን፣ ሸዋን፣ ብዙ ጊዜም ጎጃምን። ጠያቂው ያንን አገር ተቀብሎ፣ ለጥቂት ጊዜ ገዥ ሆኖ፣ ተሸናፊውን በቃል እየገረፈ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ነው መልሱን የሚገልጠው። በዚያች ቅጽበት የስምንት ዓመት እረኛ የአገር ባለቤት ነው። ታላቅ ወንድሙ ጎጃምን አስረክቦ ስድቡን በትዕግሥት ይሰማል፤ ነገ ደግሞ ተራው የእሱ ነው። ሚና መያዝ፣ በሚናው ውስጥ መናገር፣ የጨዋታውን ሕግ ማክበር፣ ሁሉም እዚህ አለ። የቀረው ነገር ታሪኩን ማስረዘም ብቻ ነው።

የቀድሞው የበልሃ ልበልሃ ሙግትም ከዚህ ሩቅ አይደለም። እርግጥ እሱ እውነተኛ ፍርድ ነው፤ ርስትም ደምም የተያዘበት። ነገር ግን ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው፣ በማር ወይም በፈረስ እየተወራረዱ፣ በአነጋገር ውበት ዳኛውንም ተመልካቹንም ለመርታት ሲጥሩ የሚያሳዩት ችሎታ በሚና ጨዋታ ጠረጴዛ ላይ የሚፈለገው ችሎታ ነው። የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ነገር አዋቂ ሽማግሌዎችን እየሰማ ነው ያደገው። ሌላ ቦታ በሥልጠና የሚገኘውን እሱ ከቤቱ ይዞት ይመጣል።

ጉባኤው ከየት መጣ

በ1968 በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ሌክ ጀኒቫ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጋሪ ጋይጋክስ የተባለ የጦርነት ጨዋታ አፍቃሪ አንድ አዳራሽ በ50 ዶላር ተከራይቶ መሰሎቹን ጠራ። መቶ ያህል ሰው መጣ። ጉባኤው «ጄን ኮን» ተባለ። በዓመቱ እዚያው ላይ ጋይጋክስ ከዴቭ አርንሰን ጋር ተዋወቀ።

በዚያው ሰሞን በሚኒሶታ ዴቪድ ዌስሊ አንድ ነገር ሞክሮ ነበር። በጦርነት ጨዋታ ውስጥ ሠራዊት የሚያዝዙ ሁለት ጄኔራሎች ብቻ ከሚኖሩ፣ ውጊያው ከሚካሄድበት ከተማ ሰዎችም ይኑሩ ብሎ አንዱን ተጫዋች ከንቲባ፣ አንዱን ባለ ባንክ፣ አንዱን የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ አደረጋቸው። ተጫዋቾቹ ጦርነቱን ረስተው በየፊናቸው መደራደርና ማሴር ጀመሩ። ዌስሊ ነገሩ ከእጁ የወጣ መስሎት ነበር፤ እነሱ ግን ድገምልን አሉት። አርንሰን ከተጫዋቾቹ አንዱ ነበር። ይህን ሐሳብ አሳድጎ ወደ ጋይጋክስ ወሰደው፤ ሁለቱ ያዘጋጁት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለ የሚና ጨዋታ በ1974 ታተመ። ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት በአንድ ካርቶን፤ የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ።

ጉባኤ ባይኖር ሁለቱ ሰዎች ላይገናኙ ይችሉ ነበር። ጄን ኮን ዛሬ በኢንዲያናፖሊስ ይካሄዳል፤ ከ70,000 በላይ ሰው ይሰበሰብበታል። በፊንላንድ ከ1994 ጀምሮ የሚዘጋጀው «ሮፔኮን» ደግሞ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የቆመ ነው።

የክብር እንግዳ የመጥራት ልማድ የተወረሰው ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ አንባቢዎች ነው። በ1939 ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስብሰባቸው ሲካሄድ የክብር እንግዳ አድርገው የጠሩት ፍራንክ ፖል የተባለውን ሠዓሊ ነው። ሚኒስትር ወይም ባለሀብት አልፈለጉም፤ ለዓመታት ምናባቸውን በቀለም የሞላላቸውን የመጽሔት ሽፋን ሠዓሊ ፈለጉ። ምርጫው እስካሁን ያስደንቀኛል። ከዚያ ወዲህ ልማዱ እንዲህ ጸና፦ የሚከበረው አንድ ነገር የሠራ ሰው ነው።

እንግዳው ምን ያደርጋል

ጨዋታ የፈለሰፈ፣ የጻፈ፣ የሣለ ወይም ያጠና ሰው ይመረጣል። አዘጋጆቹ የመንገዱንና የማረፊያውን ወጪ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም አንድ ሰው እንዲሸኘው ይመድባሉ። በምላሹ እንግዳው ጉባኤው በሚቆይባቸው ቀናት ሥራ አለው። ስለ ሥራው ይናገራል፣ ጥያቄ ይመልሳል፣ መጻሕፍት ላይ ይፈርማል። ዋናው ግን ተራኪ ሆኖ ማጫወቱ ነው። መጽሐፉን ለዓመታት ያነበበ ወጣት ከደራሲው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ወጣቱ «በሩን እከፍታለሁ» ሲል ደራሲው ከበሩ ጀርባ ያለውን ለእሱ ብሎ እዚያው ይፈጥርለታል። ከፊርማ የሚበልጥ ስጦታ ይህ ነው።

ጠረጴዛ ግን የሚይዘው አምስት ስድስት ሰው ነው። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሲኖርስ? በድራጎንላንስ መጻሕፍቱ የታወቀው ትሬሲ ሂክማን መላ አግኝቶለታል። በጄን ኮን «ገዳዩ ቁርስ» በሚል ስም ለዓመታት ባካሄደው ዝግጅት ሰዎች ከታዳሚው መካከል እየተነሡ መድረክ ላይ ይወጡና የያዙት ገጸ ባሕርይ በሆነ አስቂኝ ምክንያት ወዲያው ይሞታል። ሳቁ ሳይቆም ሌላው ይተካል። እንዲህ ሆኖ ብዙ ሰው ከእንግዳው ጋር ተጫውቻለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የክብር እንግዳ ከተጫዋቾች ጋር ሲቀመጥ ማዕረጉን ደጅ ማስቀመጥ አለበት። ተጫዋቹ የእንግዳውን ሐሳብ ሊቃወም፣ በጨዋታው ውስጥ ሊያታልለው፣ በዳይስ ሊረታው ይችላል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ታኅሣሥ 29 የገና ዱላ ሲነሣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የምንለው ለዚሁ ነው። ሩሯን ተከትሎ የመጣ ዱላ የጌታም የሎሌም እግር ይመታል፤ ማንም አይቀየምም። በዓመት አንድ ቀን የምናውቀውን ነገር ወደ ትምህርት ቤት ማምጣት የሚከብደን አይመስለኝም።

ዲማ ላይ እንግዳ ሊቅ ሲመጣ

የክብር እንግዳን በሥራ የማክበር ልማድ ከአሜሪካ መማር ያለብን አይመስለኝም፤ ከቢቸና ብዙ በማትርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ከጥንት ጀምሮ አለ። ዲማ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር የጎጃምን የቅኔ ስም ካስጠሩ ቦታዎች አንዷ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው እዚያ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም በዛብህን ወደ ዲማ ልከውታል።

የቅኔ ተማሪ ቀኑን ቅኔ ሲቆጥር ይውልና የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል፤ ሲደሰት ያሞግሰዋል። ተማሪው በሁለት መስመር ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት መስመር ወዳለው መወድስ ያድጋል። በበዓል ቀን ቅኔው በቤተ ክርስቲያን ለእግዚአብሔር ይቀርባል። በዚያ ቀን ከሌላ አገር የመጣ ሊቅ በመካከል ከተገኘ የሚከበረው ወንበር በማግኘቱ ብቻ አይደለም። ቅኔ ይሰጠዋል፤ ማለትም «ይበሉ» ተብሎ ተራ ይለቀቅለታል። እሱም የዕለቱን በዓል፣ ያን ደብር፣ ምናልባትም ያስተናገዱትን ሰዎች በሰምና ወርቅ አስተሳስሮ አዲስ ቅኔ ያቀርባል። ከዚህ ቀደም የተባለ ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ተማሪዎቹ በጆሯቸው ይይዙታል፣ ምሥጢሩን ይከራከሩበታል፤ የእንግዳው የቅኔ መንገድ ከእነሱ መንገድ የት እንደሚለይ ያጤናሉ።

ቅኔ ጸሎትና ምስጋና ነው፤ ከዳይስ ጨዋታ ጋር አንድ ነው አልልም፣ እንዲባልም አልፈልግም። የማስተያየው አከባበሩን ነው። ሊቁ ሲከበር ተራ ይሰጠዋል፤ ተራውም ድካም አለበት፤ ያደመጡትም ሲማሩ ይውላሉ። የክብር እንግዳ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ክብር ከመስጠት በፊት

አንድን ሰው የክብር እንግዳ ማድረግ ለልጆች «ይህን ሰው ምሰሉ» ማለት ነው። የቴኩሜልን ምናባዊ ዓለም የፈጠሩት የቋንቋ ምሁር ሙሐመድ ባርከር በሚና ጨዋታ አፍቃሪዎች ዘንድ ከ1975 ጀምሮ ስማቸው በአክብሮት ሲነሣ ኖሯል። ካረፉ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ሥራቸውን የሚጠብቀው ተቋም ራሱ ባርከር በ1991 በብዕር ስም ናዚን የሚደግፍ ልብ ወለድ ማሳተማቸውን አረጋገጠ። ያከበሯቸው ሰዎች አዘኑ፤ ተቋሙም ሳይደብቅ መናገሩ ትክክል ነበር። ከዚህ የምንወስደው የእንግዳውን ሥራ ሁሉ በቅድሚያ ማንበብና አብረውት የሠሩትን መጠየቅ ነው። ዝና ብቻውን አይበቃም።

ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ብናዘጋጅ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁለት ክፍል፣ ሃያ ተማሪ በቂ ነው። ቀኑ ሲቆረጥ የጊዮርጊስን 23 አስቡ፤ ሞጣ ጊዮርጊስም ዲማ ጊዮርጊስም ባሉበት አካባቢ በዚያ ቀን የሚገኝላችሁ አዋቂ የለም።

ማንን እንጥራ? የኔ የመጀመሪያ ምርጫ በሰባራ ድልድይ በገመድ የተሻገረ ወይም ሰው ያሻገረ አዛውንት ነው። ገመዱ ከምን ይሠራ ነበር? መጀመሪያ የሚሻገረው ማን ነበር? እቃውስ? የፈራ ሰው ሲኖር ምን ይሉት ነበር? እነዚህን የሚመልስ መጽሐፍ በእጄ የለም፤ ሰዎቹ ግን ዛሬም በመካከላችን ሊገኙ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ከተራኪው አጠገብ ተቀምጦ «እንዲያ አይደለም ልጄ፣ ገመዱ እንዲህ ነው የሚታሰረው» ሲል ጨዋታው ከምናብ ወደ ትዝታ ይሻገራል።

ቀጥሎ ነገር አዋቂ ሽማግሌ እጠራለሁ። ከላይ ያነሣሁት ደመኛ ዕርቅ ቢፈልግ ሽምግልናው እንዴት ይጀመራል፣ ማን ይላካል፣ ምን ይዞ? ተጫዋቾቹ በዘፈቀደ ከሚገምቱ የሚያውቀውን ይጠይቁ። የቅኔ መምህር ፈቃደኛ ከሆኑ ተማሪው ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደሚናገር፣ አኩፋዳውን ይዞ ሲለምን ምን እንደሚል ያስተካክላሉ። ከከተማ እንግዳ ማምጣት ከተቻለ ከገበሬ ስለምታመልጥ ዶሮ «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ የሠራው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ባለሙያ፣ ወይም ኢትዮጵያዊ ጀግና የፈጠረው የ«ጀምበር» የሥዕል ታሪክ ደራሲ ቢመጣ ልጆቹ ከእኛ አገርም ጨዋታና የሥዕል ታሪክ እንደሚወጣ በዓይናቸው ያያሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ሲቪላይዜሽን 6» በ2020 አፄ ምኒልክን ሲያስገባ ጨዋታውን የሠሩት ሌሎች ነበሩ፤ የራሳችንን ታሪክ ራሳችን እንድንጫወተው መሥራት የእነዚህ ልጆች ድርሻ ነው።

ለአዛውንቶች ደብዳቤ ብቻ አትላኩ፤ ሁለት ተማሪ ቤታቸው ሄዶ ይጥራቸው። ምን እንደሚጠየቁ በግልጽ ይነገራቸው፦ «አባባ፣ ንግግር አይጠበቅብዎትም፤ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ስንሳሳት እንዲያርሙን ነው።» ዳይስ ቁማር የሚመስላቸው ይኖራሉ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነው። ገንዘብ የሚባል እንደማይያዝ አስረዱ፤ ካልተዋጠላቸው ዳይሱን ትታችሁ በእንቆቅልሽ ወስኑ። ተጫዋቹ መልሱን ካወቀ ተሻገረ፤ ካላወቀ አገር ይስጥ። እንዲያውም ይህ ከባለ 20 ገጹ ዳይስ የተሻለ ይመስለኛል፤ አዛውንቱ ራሳቸው ጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉና።

የመክፈቻ ንግግር ካለ ከዐሥር ደቂቃ አይለፍ። ለእንግዳው የሚመች ወንበር ይዘጋጅ፤ ቦታው ግን ከጠረጴዛው ሳይርቅ፣ ከልጆቹ መካከል ይሁን። በአንድ ዙር ከሁለት ሰዓት በላይ አታስቀምጧቸው፤ መሃል ላይ ቡና ይምጣ፤ ጾም ከሆነ ምግቡ በዚያ ልክ ይታሰብ። ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ተማሪ ይመደብ፤ ጆሯቸው ለደከመ ደግሞ የተባለውን ቀስ ብሎ ይድገምላቸው።

የተናገሩትን ለመቅዳት አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ከፈቀዱ ከሚኒ ሚዲያ አባላት አንዱ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል ያድርግ፤ ሌላው ስለ ገመዱ፣ ስለ መንገዱና ስለ ዕርቁ የተባለውን በደብተር ይጻፍ። ጽሑፉ ተገልብጦ አንዱ ቅጂ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ አንዱን ቅጂ እነዚያው የጠሯቸው ሁለት ተማሪዎች ለአዛውንቱ ቤታቸው ያድርሱ፣ ማንበብ የማይችሉ ከሆነም ቁጭ ብለው ያንብቡላቸው፤ የተዛባ ካለ እዚያው ይታረም።